ችግኝ ስለተባሉት እትዬ አልታየች እና ስለ ልቅሶ ሜዳልያ

ለተከበሩ አቶ ይሁኔ ወርቅአገኘሁ
የወፍጮ ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሊቀመንበር፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም፤ በሰፈራችን የሰውን ጤና መጠየቅ ካለፈው ዓመት ወዲህ ሌላ መልክ ስለያዘ፣ እኔ ግን በቅን ልብ እንደጠየቅሁ እንዲታወቅልኝ ነው። ውርጩ ጉልበትዎን አይንካው፤ ሳልም አይድፈርዎ፤ ቢድፈርዎም እንኳ ጎረቤት የማይሰማው ሳል ይሁንልዎ። ለምን እንዲህ እንደምመኝልዎ ከታች እደርስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በግል ባቀርበው ሰሚ አላገኝም ብዬ ሠግቼ አይደለም። በእድራችን የስልክ መተግበሪያ ላይ «አስተያየት» የምትለዋን ቦታ አስቀድሜ ነክቼ ነበር፤ ሐሳቤን ጽፌ ስጨርስ አገልግሎቱን ስንት ኮከብ እንደምሰጠው ተጠየቅሁ። አምስት ሰጠሁ። ለምን እንደሰጠሁ አላውቅም፤ ባዶ ኮከብ ሲያዩት ያሳዝናል።

ጉዳዬ አንድ ነው። በመጪው እሁድ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ እትዬ አልታየች ከእድሩ አባልነት እንዲሰረዙ እርስዎ ሐሳብ አቅርበዋል። እሳቸው ባል የላቸውም፤ ልጃቸው ሩቅ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ ጠያቂውን ዕድሜውን ይጠይቁታል። ከተሰረዙ፣ ያ ቀን ሲመጣ ለእሳቸው ድንኳን አይወጣም፤ ቃሬዛ አይመጣም፤ ቤታቸው በር ላይ የሚቀመጥ ሰውም አይታዘዝም። ሐሳቡን እንዲተዉልኝ እለምናለሁ። ልመናዬ ባዶ እጁን እንዳይቀርብ ግን ከምስጋና ልጀምር።

እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። በኮሌጅ የሚያስተምሩት ኮምፒውተር እንደሆነ፣ የመመረቂያ ጽሑፍዎም ተጫዋች ጌሙን ለምን እንደማይተው የሚመረምር እንደነበር በተመረጡበት ዕለት ራስዎ ነግረውናል። ሰው ደሞዝ ሳይከፈለው፣ አዛዥም ሳይኖርበት፣ በስልኩ ውስጥ ሺህ ዛፍ ሲቆርጥ ይውላል፤ የሚቆርጠው እንጨቱን ፈልጎ ሳይሆን ሺህ ሲሞላ ብቅ የምትለዋን ትንሽ ሜዳልያ ፈልጎ ነው፤ እንግዲህ ለማይነድ እንጨት እንዲህ የሚተጋ ፍጥረት ለወገኑ ቀብር ሜዳልያ ቢሰጠው ምን ያህል በተጋ ነበር አሉን። ጉባኤው አጨበጨበ። ከሁሉም ዘግይቼ ማጨብጨብ ያቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጥሩምባው ቀረ፤ ሞት በስልክ መምጣት ጀመረ። ልቅሶ ቤት ደጃፍ ደርሶ ስልኩን ከፍቶ «ደርሻለሁ» የምትለዋን የነካ ሁሉ ነጥብ ያገኛል። ቀድሞ የደረሰ «ፈጥኖ ደራሽ»፣ ድንኳን የተከለ «የካስማ አርበኛ»፣ ቃሬዛ የተሸከመ «ብርቱ ትከሻ» ይባላል። ነጥቡ ሲጠራቀም ሰው ከችግኝነት ወደ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦ ወደ ወይራ፣ ከወይራ ወደ ዝግባ ያድጋል። የዝግባ ስም በመተግበሪያው የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ በአረንጓዴ ይጻፋል። ስሜን በአረንጓዴ ለማየት ምን ያህል እንደጓጓሁ ለማንም አልተናገርኩም።

እኔም ለጌም እንግዳ አይደለሁም። ታሪክ መምህር ነኝ፤ የተማሪ ፈተና ሳርም ሲሰለቸኝ ሸለቆ ውስጥ ጎጆ የሚቀለስበትን አንድ ጌም ስጫወት ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ከመቁረጡም ከመቀለሱም ተሰላችቼ ሰውዬዬን ኮረብታ ላይ አቆምኩትና ፀሐይዋ ስትጠልቅ ዝም ብዬ አየሁ። የተሣለች ፀሐይ ናት። ግን አየኋት። ልክ ስትሰወር ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ «ተመልካች» የሚል ሜዳልያ ተሸልሜያለሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ኮረብታ ወጥቼ አላውቅም። ምን ልሠራ እወጣለሁ? ሜዳልያው በእጄ ነው። ይህን ለምን እንደነገርኩዎ በደንብ አልገባኝም፤ በመመረቂያ ጽሑፍዎ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሚገኝ ቢጠቁሙኝ ግን ደስ ይለኛል።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ከተባሉ፣ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነት። ጡረታ የወጡትን የእህል መጋዘን ጠባቂ ጋሽ ወልደአረጋይን ያውቋቸዋል። በጥር ሳንባቸውን ታመው ሲተኙ፣ ሐኪሙ ቤተሰቡን «በርቱ» ማለቱ ተሰማ። የሰማው ሰው ለሀብታሙ ነገረው። ሀብታሙ የእድሩ ድንኳን ኃላፊ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን ከወንዙ ማዶ ያለው ሁለተኛው የድንኳን ቡድናችን ሁለት ጊዜ ቀድሞት ነበርና እንቅልፍ አጥቷል። ስለዚህ ጓደኞቹን ይዞ፣ ለጥንቃቄ ያህል ብቻ፣ ካስማና ሸራ አምጥቶ ደጃፋቸው ላይ መትከል ጀመረ። ጋሽ ወልደአረጋይ በመዶሻው ድምፅ ነቁ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የአጥሚት ኩባያቸውን እንደያዙ በረንዳ ላይ ወጡና ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቁ። ብዙ ካዩ በኋላ «ያ የግራው ካስማ ዘሟል፤ እንዲህ አድርጋችሁ የምትተክሉልኝ ከሆነ እኔ አልሞትም» ብለው ገቡ። እስካሁንም አልሞቱም። ሐኪም ያጣውን መድኃኒት መተግበሪያዎ ስላገኘው ከልብ አመሰግናለሁ። የሀብታሙ «የካስማ አርበኛ» ግን እስከ ዛሬ እንዳልተነሣበት፣ ለማስረጃ በተላከው ፎቶ ላይም ሟቹ ኩባያ ይዘው እንደሚታዩ በትሕትና አስታውሳለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ተከታታይነት። በጌም ዓለም አንድ ቀን ሳይገባ የቀረ ተጫዋች የሰበሰበው ተከታታይነት ይቋረጥበታል፤ ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ያንቀሳቅሰዋልና ይህች ዘዴ የተመሰገነች ናት። እርስዎም በየሳምንቱ ልቅሶ ለደረሰ ሰው ከስሙ ጎን የምትነድ እሳት አኖሩለት። ያልታሰበው ነገር ቢኖር፣ ሰፈራችን በየሳምንቱ ሰው ማቅረብ የማይችል መሆኑ ነው። በየካቲት ማንም አልሞተም። የሁላችንም እሳት ጠፋ። በሌላ ዘመን ቢሆን እንዲህ ያለ ወር ሲያልፍ ለምስጋና ስለት ይገባ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ለኮሚቴው አቤቱታ ገባ። አንዱ አባል ከጎረቤት እድር ጋር እንድንዋሃድ፣ እነሱ ዘንድ ሽማግሌ እንደሚበዛ ጠቅሶ አመለከተ። ሌላው የቀብር ወሬ ሰምቶ በሚኒባስ ጫጫ ከተማ ድረስ ሄደ። ከልቅሶ ቤቱ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ የሟች የድሮ ባልንጀራ መሰላቸውና ስለ ሟች እንዲናገር ለመኑት። ተናገረ አሉ። ሴቶቹን አስለቀሰ አሉ። የእኛ እድር ሟች ስላልሆነ ግን ነጥብ አልተያዘለትም፤ ይህን በደል እንዲያዩለት አደራ ብሎኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ አንኮበሩ ቀብር። ዳቦ ቤት ያላት ሥርጉት እናቷ ሲያርፉ፣ አደራቸው በተወለዱበት፣ ከአንኮበር በታች ባለችው ደብር መቀበር ነበር። አውቶቡስ ሙሉ ሆነን ሄድን። መኪና የሚደርስበት አልቆ ቁልቁለቱን በእግር ስንጀምር ጉም ተቀበለን፤ ኔትወርኩም ጠፋ። መተግበሪያው ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ ያለ ኔትወርክ ልቅሶ አይቀበልም። ቃሬዛውን የአገሩ ሰዎች ተሸክመው ከካህናቱ ጋር ሲወርዱ፣ ከእኛ አንዱ በአንድ መታጠፊያ ላይ፣ እጅን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ለቆመባት ሰው ትንሽ ኔትወርክ የምትሰጥ ድንጋይ አገኘ። ተራ ያዝን። የድንጋይዋ ዙሪያም ይሠራል ተባለና ሁላችንም ስልካችንን ወደ ጉሙ ዘርግተን ቆምን። በማሳው ውስጥ የነበሩ ገበሬዎች ከከተማ የመጣ አዲስ የጸሎት ሥርዓት መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አብረውን ቆሙ።

ሁላችንም «ደርሻለሁ» ብለን ስንጨርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። ሥርጉት ከእናቷ ጉድጓድ አፍ ላይ ዞር ብላ ከደብረ ብርሃን አብሯት የመጣውን ሰው ስትፈልግ ያገኘችው እትዬ አልታየችን ብቻ ነው። እትዬ አልታየች የወረዱት ከእኛ ስለሚሻሉ አይደለም፤ የሚዘረጉት ስልክ ስለሌላቸው ነው። ቅድስት ናቸው ብዬም አልዋሽዎትም። ሙሾ ያወርዳሉ፤ ሙሾአቸው ደግሞ ሟችን አልቅሶ ሲጨርስ ወደ ቋሚ ይዞራል፤ ሰፈሩ የሚፈራቸው ለዚህ ነው። ያን ዕለትም ወደ መታጠፊያው ቀና ብለው አዩንና እንዲህ አወረዱ፤

ስልክ ያነሣ ሁሉ መጥቶ ቆመ ከደጅ፣
አፈር የሚያለብስ አንድ እጅ ጠፋ እንጅ።

ይህች ግጥም ከአውቶቡሳችን ቀድማ ደብረ ብርሃን ገባች። በምን ኔትወርክ እንደገባች አላውቅም።

አራተኛ። አራተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ አዲሱ ደንብ። ግጥሟ ከተማ በገባች በወሩ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከችግኝነት ያላለፈ አባል እንቅስቃሴ እንደሌለው ተጫዋች ተቆጥሮ ይሰረዛል የሚል ደንብ አወጡ። ሁለቱ መከታተላቸው አጋጣሚ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ እርግጠኛ መሆኔንም በየሄድኩበት እናገራለሁ። በሰንጠረዡ ግርጌ ብንመለከት በችግኝነት የቀረው አንድ ስም ብቻ ነው። እኔ ይህን ሰፈር ሳላውቀው፣ እርስዎም ወደ ከተማችን ሳይመጡ ልቅሶ መድረስ የጀመሩት እትዬ አልታየች፣ በመተግበሪያዎ ዘንድ አንድም ሰው ቀብረው አያውቁም።

ችግኝ መባላቸውን ያረዳኋቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ገና እንደሚያድጉ የሚያስረዳ ወረቀት ካለ አምጥቼ ለሐኪማቸው እንዳሳይላቸው ጠየቁኝ። ድንኳን እንደማይወጣላቸው ስነግራቸው ግን የሚለቅሙትን ምስር ከሰፌዱ ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ መልሰው ወደ ሰፌዱ ሲገለብጡት ቆዩ። ከዚያ ለእኔ ይሁን ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ እሳቸው ሟቹን ያልቀበሩለት ቤት በዚህ ሰፈር ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። አሰብኩ። አላገኘሁም።

ለጥናትዎ ይጠቅማል ብዬ፣ ነጥብ ሳይኖረው ለምን ሲደርሱ እንደኖሩ ጠይቄያቸው ነበር። ትልቅ መልስ ጠብቄ ነበር፤ ስለ ጽድቅ፣ ስለ ወገን፣ ስለ ይሉኝታ። «ቤት ብቻዬን መዋል አልወድም» አሉኝ። ንፍሮውንም፣ የሰውን ጓዳ ማየቱንም እንደሚወዱ፣ ደግሞም ጥሩ ሙሾ ከወጣላቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲያንጎራጉሩት እንደሚሰነብቱ ጨመሩልኝ። ይህን በሰንጠረዥዎ የትኛው ዓምድ ላይ እንደሚያስገቡት አላውቅም። ሽልማት አይደለም። ቅጣት ፈርቶም አይደለም። ሰው የሚወደውን ሲያደርግ ሌላው ቀባሪ አገኘ፤ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሰረዝኩት ወደ አራተኛው ልመለስ፤ ሳልነግርዎ ብጨርስ ደብዳቤው ይቆረቁረኛል።

እኔ ወይራ ነበርኩ። ዝግባ ለመሆን አንድ ቀብር ብቻ ይቀረኝ ነበር። መተግበሪያዎ ይህን በየጊዜው ያስታውሰኛል፤ «አንድ ብቻ ቀርቶዎታል፤ በርቱ» ይላል። የሚበረታው ማን እንደሆነ አይናገርም። የእትዬ አልታየችና የእኔ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል። በመጋቢት ጉንፋን ያዛቸውና ሳላቸው እየጠና መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ሲያስሉ፣ ስልኬን አንሥቼ ባትሪው እንዳለው አየሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ባትሪው እንዳለው ብቻ አየሁ።

ከዚያ መቀመጥ አቃተኝ። ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ለመልካምነት ይሁን ለመሸሽ አሁንም አልለየሁትም። ቤታቸው በብርቱካን ተሞልቷል። ሁለት ወይራዎችና አንድ ቁጥቋጦ ቀድመውኝ መደቡ ላይ ተደርድረዋል፤ ሁላችንም እንዴት አደሩ፣ ትኩሳቱ እንዴት ነው፣ ምግብ ይወስዳሉ ወይ እያልን፣ ሻል ብሎኛል ሲሉን እግዚአብሔር ይመስገን ከማለታችን በፊት ትንሽ እንዘገያለን። እትዬ አልታየች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ በአንድ አዩን። ለሌሎቹ ምንም አላሉም። ለእኔ ግን «ባዩ፣ ዛሬም አልሞትኩልህም፤ ብርቱካኑን አስቀምጥና እሁድ ተመለስ» አሉኝ። ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ላላየው ወሰንኩ። አየሁት።

ክቡር ሊቀመንበር፣ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የሀብታሙ መዶሻ አያስፈራኝም፤ የጫጫው ንግግርም ያስቀኛል። በመተግበሪያዎ ውስጥ የጎደለ ነገር የለም፤ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ይጎድላል፤ ያቺ አንድ ደግሞ እዚህ ስልክ ውስጥ እንደሚቆረጠው ዛፍ አይደለችም፤ ከግድግዳው ወዲያ ታስላለች፤ ስሜን ጠርታ ትቀልድብኛለች።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት አመለክታለሁ። እትዬ አልታየችን የመሰረዙ ሐሳብ ከእሁዱ አጀንዳ ይውጣልኝ። ይህ የማይሆን ከሆነ፣ ነጥቤን ለእሳቸው ላስተላልፍ ብዬ ደንቡን አገላብጬው ነበር፤ ልቅሶ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ይደነግጋል፤ ጥሩ ደንብ ነው። ሆኖም እንደማንኛውም ጌም የእርስዎም መተግበሪያ ግርጌ ላይ «ከመጀመሪያ ጀምር» የምትል ቦታ አለችው። ትናንት ነካኋት። እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ደግሜ ነካኋት። እነሆ ወይራነቴም፣ እሳቴም፣ ብርቱ ትከሻዬም ጠፍተው ችግኝ ሆኛለሁ። እሁድ ከሰንጠረዡ ግርጌ ተነሥተው የሚሰረዙትን ሲያነቡ ሁለት ስም እንዲያነቡ፣ ድምፅዎም በሁለተኛው ላይ እንዳይደክም ከወዲሁ ጉሮሮዎን በዝንጅብል እንዲያሟሹት እለምናለሁ።

ሞታችንን ስላፋጠኑልን፣ ኀዘናችንን በደረጃ ስለመደቡልን፣ ብቻውን ያለቅስ ለነበረ ሰው ተፎካካሪ ስለሰጡት፣ ሕመምተኞቻችንም በብርቱካን እንዲጎበኙ ምክንያት ስለሆኑ የማይነጥፍ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለአረንጓዴው ስምዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣ ምኞቴም ምንም ነጥብ የማይያዝለት፣

አክባሪዎ
ባዩ ገብረመንፈስቅዱስ
ችግኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ስሕተቱን እንድታይልኝ ለሥርጉት ሰጥቻት ነበር። ዳቦ ልትሸጥ በቆመችበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እንደ እኔ «ከመጀመሪያ ጀምር» የምትለዋን ነካች። ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ተከተሏት፤ ሳይሞቱ ድንኳን የተተከለላቸው ጋሽ ወልደአረጋይም እንዴት እንደሚነካ አሳዩኝ ብለው መጡ። እስከ ማምሻው ድረስ ከሰፈሩ የሚበዛው ችግኝ ሆኖ ነበር። ይህን ለእትዬ አልታየች ስንነግራቸው አላመሰገኑንም፤ «ሁላችሁም ከተሰረዛችሁ እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው?» ብለው ተቆጡን። የሚቀብሩዎት የተሰረዙት እኮ ናቸው ብንላቸው፣ እስኪ ያኔ አያችኋለሁ አሉን። በሰንጠረዡ አናት ላይ፣ ከእኛ ከሁላችን ርቀው፣ እርስዎ በአረንጓዴ ቀርተዋል፤ አንደኛ በመውጣትዎ እንኳን ደስ ያለዎት። ለእሁዱ ጉባኤም ሆነ፣ አያድርገውና፣ ለሌላ ጉዳይ ድንኳን ቢያስፈልግዎ የመጋዘኑ ቁልፍ ሀብታሙ ዘንድ ነው። ሀብታሙም ከትናንት ጀምሮ ችግኝ ነው።